ለሦስት ዓመት የመጡት ሐኪም

ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ደብረ ማርቆስ

በዚህ ዓመት የታሪክ መምህራችን ለክፍላችን ተማሪዎች ሁሉ አንድ የጽሑፍ ሥራ ሰጥተውን ነበር። ሥራውም ከተወለደበት አገር ወጥቶ፣ በሰው አገር ኖሮ፣ ለዚያ አገር ቁም ነገር ስለ ሠራ አንድ ሰው መርምረን እንድንጽፍ ነው። አንደኛው ጓደኛችን በአየርላንድ የድንች በሽታ ረኃብ ባመጣ ጊዜ ወደ አሜሪካ ስለ ተሰደደው ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቅድመ አያት ጻፈ። ሌላዋ ከስኮትላንድ ስለ ወጣው ስለ ቴሌፎን ፈልሳፊው ስለ ግራሃም ቤል ጻፈች። ሁለት ልጆች ደግሞ ተጋግዘው፣ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ስላስመጧቸው ስለ አርባዎቹ የአርመን ወጣት ሙዚቀኞች አዘጋጁ። እኔ የመረጥሁት ግን ከአውስትራሊያ ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡትን ዶክተር ካትሪን ሐምሊንን ነው። ጽሑፉ በክፍል ከተነበበ በኋላ መምህራችን ለመጽሔታችን እንዳሰናዳው ስላዘዙኝ፣ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ዓመታቱን አንዱን ከአንዱ እንዳላምታታ ሁሉንም በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፌአለሁ።

ርእሱን የመረጥሁት ከመጽሐፍ ቤት አግኝቼው አይደለም። የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ፣ ዶክተሯ ካቋቋሙት ሐኪም ቤት ታክማ የዳነች ናት። ስሟንና የተወለደችበትን ቀበሌ እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፤ የቀረውን ግን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አንዳንዱ ነገር ወላጆች በሚያነቡት የትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ሊነገር የማይገባው መስሎ የሚታያቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚሁ አስቤ ነበር። ለምን አሳቤን እንደ ለወጥሁ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ካትሪን ኒኮልሰን በ1924 በጃንዋሪ ወር በሲድኒ ከተማ፣ ስድስት ልጆች ካፈራ ቤተሰብ ተወለዱ። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ሲጨርሱ በዚያው ከተማ ክራውን ስትሪት በሚባለው የሴቶች ሐኪም ቤት ገቡ። የዚያ ሐኪም ቤት የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የኒውዚላንድ ተወላጅ ነበሩ፤ በዕድሜ እጅግ ይበልጧቸው ነበር። በ1950 ተጋቡ። ሁለቱም የማዋለድ ሐኪሞች ስለ ነበሩ በአገራቸው ተደላድለው ለመኖር አንዳች የሚጎድላቸው ነገር አልነበረም። የኬኔዲ ቅድመ አያት ከረኃብ ወደ እንጀራ ሄደ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ከእንጀራው ተነሥተው ወደ ጭንቁ መጡ። እኔም በስደተኞች ታሪክ ውስጥ ስፈልግ እንዲህ ያለውን ብዙ አላገኘሁም።

በ1958 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐኪም ቤት የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚከፍት ሐኪም ይፈለጋል የሚል ነበር። ስለ ሐኪም ቤቱ ስም ጥቂት ልበል። ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ስትሆን፣ በጠላት ወረራ ዘመን በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ ነበር። ከነጻነት በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ በ1942 በነቀምቴ ሳለች በወሊድ ምክንያት ዐረፈች። ስለዚህ ሐምሊኖች የተጠሩበት ቤት ራሱ በወሊድ ለሞተች ሴት የቆመ መታሰቢያ ነበር። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ የሆነች፣ ከወሊድ ካልተረፈች የጮቄ ገበሬ ሚስት እንዴት ልትሆን ነው?

በ1959 ትንሹን ልጃቸውን ሪቻርድን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር። የመጡትም አዋላጆችን ለማስተማር ነበር። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ነገሬ ሁሉ ወደዚህ ይመለሳልና።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ነገር ግን አሥር ያህል አዋላጆች እንደ ተመረቁ ገንዘብ የለም ተብሎ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐምሊኖች በአገራቸው ፈጽሞ አይተውት የማያውቁት ሕመምተኛ በየቀኑ በደጃቸው ይቆም ጀመር። ፊስቱላ የያዛቸው ሴቶች ነበሩ።

ፊስቱላ ምን እንደ ሆነ ሳልሸፋፍን ላስረዳ። ሴት ስታምጥ የሕፃኑ ራስ በዳሌዋ አጥንት መካከል ማለፍ አለበት። የሕፃኑ ራስ ትልቅ፣ ወይም ዳሌዋ ጠባብ፣ ወይም የሕፃኑ አመጣጥ የተጣመመ እንደ ሆነ እዚያው ይያዛል። ሐኪም በቅርብ ካለ በቀዶ ጥገና ያወጣዋል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሐኪም ከሌለ ግን ምጡ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር ይጫነዋል። የተጫነውም ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተው ሥጋ ተቆርሶ ሲወድቅ በሽንት ፊኛዋና በመውለጃው መንገድ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንቷ ሌት ተቀን ይፈስሳል፤ ልቋጥር ብትል አይቻላትም። በአንዳንዷም ቀዳዳው ከዓይነ ምድር መውጫ ጋር ይሆናል። ነርቭ ተጎድቶ እግሯ የሚዝልባትም አለች።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የተጻፈ ነው። አሁን አክስቴ የነገረችኝን ልጨምር።

አክስቴ በ13 ዓመቷ ተዳረች። በ1992 ክረምት፣ ገና 14 ዓመቷ ሳለ፣ ሰኞ ማታ ምጥ ያዛት። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ማርያም ማርያም እያሉ አደሩ። የልምድ አዋላጇ ማክሰኞም ረቡዕም ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ከዚያ በላይ ግን የምታውቀው አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ወንዶቹ ወሳንሳ ሠርተው ወደ መኪና መንገድ ይዘዋት ወጡ። ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር እስኪጎድል ማዶ ለማዶ እየተያዩ እስከ ማታ ቆሙ። ልጁ በዚያው በወንዙ ዳር ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ሴቶቹ እንኳን ማርያም ማረችሽ አሏት፤ ገንፎውም ተገነፋ፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ግን መደቧ መድረቅ እምቢ አለ።

ባሏ ወደ አባቷ ቤት መለሳት። አያቴ ከቤቱ ጓሮ ትንሽ ጎጆ ሠራላት። ሽታዋን ሰው እንዳይሸሽ ብላ ራሷ ሰውን ሸሸች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች፤ ጨርቋን በሌሊት ወርዳ ታጥባለች። ሽንቷ እንዲያንስላት ውኃ መጠጣት ተወች፤ ይህም ባሰባት እንጂ አልረዳትም። ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በዓለም ላይ እንዲህ የሆነች ሴት እርሷ ብቻ የሆነች መስሏት መኖሯ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ተቀመጠች።

በ1994 አንድ የሰፈራችን ነጋዴ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ሕመም በነጻ የሚፈውስ ሐኪም ቤት መኖሩን ለአያቴ ነገረው። አያቴ አንድ በሬ ሸጠ። ያን ጊዜ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ማለት የአባይን በረሃ ወርዶ አሮጌውን ድልድይ ተሻግሮ መውጣት ስለ ሆነ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪው አፍንጫውን ያዘ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ፤ ደጀን ሲደርሱ ረዳቱ የከፈሉትን መልሶ አወረዳቸው። በማግሥቱ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው በጭነት መኪና አባይን ተሻገሩ።

ወደ ሐምሊኖች ልመለስ። ይህን የመሰለ ጉዞ ተጉዘው፣ ብዙዎቹም በእግራቸው ቀናት ተጉዘው የመጡትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ሊያክሟቸው ወሰኑ፤ ነገር ግን አያውቁበትም ነበር። ከአገራቸው በሽታው ከጠፋ ቆይቶ ነበርና። በኒውዮርክ ከተማ በዚህ ሕመም ለተያዙ ሴቶች በ1855 የተከፈተ ሐኪም ቤት ነበረ፤ ከቆመባቸው ስፍራዎች በአንዱ ላይ ዛሬ ታላቅ ሆቴል ይገኛል። የዚያን ሐኪም ቤት መሥራች ዶክተር ማሪዮን ሲምስን መጻሕፍቱ የዚህ ቀዶ ጥገና አባት ይሉታል። ሙያውን የቀሰመው ግን በአላባማ በባርነት ተይዘው የነበሩ ጥቁር ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በመቅደድ ስለ ሆነ፣ እኔ ስሙን በምስጋና ብቻ ለማንሣት ይከብደኛል። ሐምሊኖች የቆዩ መጻሕፍትንና የቀዶ ጥገና ሥዕሎችን እያገላበጡ አጠኑ። ከታላቁ የግብጽ ሐኪም ከፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝ ሥራም ተማሩ። (የኖቤል ተሸላሚው ግብጻዊ ደራሲ ስሙን ያገኘው ያዋለዱትን እኚህን ሐኪም በማክበር ነው።) በመጀመሪያው ዓመት 30 ያህል ሴቶችን አከሙ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 300 ደረሰ። የዳነችው ወደ መንደሯ ስትመለስ ወሬው ይሰማል፤ በየጎጆው የተደበቀችው ትወጣለች፤ ስለዚህ ባከሙ ቁጥር የሚመጣው በዛ።

ውሉ አለቀ፤ እነርሱ ግን አልሄዱም። ለነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሐኪም ቤት ለመሥራት ከውጭ አገር ገንዘብ ይለምኑ ጀመር። አብዮቱ በተነሣበት ጊዜ አካባቢ፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ዕቃቸውን ሲያስሩ፣ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሐኪም ቤት ተከፈተ። በደርግ ዘመንም፣ በረኃቡም ጊዜ፣ መንግሥት በተለወጠም ጊዜ ሥራው አልተቋረጠም። ሕክምናው ለድኻዋ በነጻ ነው። ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ይድናሉ። ስትወጣም አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ፊኛቸው ፈጽሞ የጠፋና ከሐኪም ሊርቁ የማይችሉ ሴቶች የሚኖሩበት ደስታ መንደር የሚባል ስፍራም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል።

አንድ ሰው ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ማሚቱ ጋሼ በ1962 እንደ አክስቴ ያለ ምጥ አሠቃይቷት ከገጠር የመጣች፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ወጣት ነበረች። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥሎ በቀዶ ጥገናው ክፍል መሣሪያ ታቀብል ነበር። እጇ ብልኅ መሆኑን ያዩት ሐምሊኖች ሥራውን ደረጃ በደረጃ አስተማሯት፤ በመጨረሻም ራሷ ቀዳጅ ሐኪም ሆነች። በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዳጅ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሁለቱ ሐምሊኖችና ለማሚቱ በአንድነት የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው። ፊደል በመቍጠር ብቻ ሰው የሚመዘን የሚመስለን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ደጋግመን ብናነበው መልካም ነው፤ እኔ ራሴ ፈተና በደረሰ ቍጥር አስበዋለሁ።

አክስቴን ዶክተር ሐምሊንን በዓይንሽ አይተሻቸዋል ወይ ብዬ ጠይቄአት ነበር። አላውቅም አለችኝ። ነጭም ጥቁርም ሐኪም ነበረ፤ እርሷ ግን ከኀፍረት የተነሣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የከረመችው። በደንብ የምታስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በገባች ቀን በዎርዱ ውስጥ አልጋ ሙሉ ሴቶች ስታይ፣ ሁሉም እንደ እርሷ መሆናቸውን ስትሰማ ያለቀሰችው ልቅሶ ነው። ሁለተኛው፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሽንቱ ቱቦ የተነቀለላት ዕለት ሌሊት ነው። ነግቶ እጇን ከሥሯ አስገብታ አንሶላውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነበር። አላመነችም፤ ጎረቤቷን ቀስቅሳ አስዳሰሰቻት።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዐርፈው በአዲስ አበባ ተቀበሩ። ባለቤታቸው ያን ጊዜ 69 ዓመታቸው ነበር፤ ወደ ሲድኒ ቢመለሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ታላቁ ሥራቸው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ መሆኑ ነው። በ2001 ታሪካቸውን የሚናገር በወንዝ ዳር ያለው ሐኪም ቤት የተባለ መጽሐፍ ታተመ። ከዚያም ሕመምተኛዋ እስክትመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ሐኪም ቤቱ ወደ እርሷ እንዲሄድ ተደረገ፤ በ2005 የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በባሕር ዳር ተከፈተ። መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። እንግዲህ ዛሬ አንዲት የጎጃም ሴት ለዚህ ሕክምና አባይን በጭነት መኪና መሻገር የለባትም።

በ2007 ደግሞ ሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። አንባቢ እንዲያስታውስልኝ የለመንሁት እዚህ ላይ ነው። ከ1959 እስከ 2007 ያለው 48 ዓመት ነው። አዋላጅ ሊያስተምሩ መጡ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋባቸው፤ አዋላጅ ባለመኖሩ የተጎዱትን ሴቶች ሲጠግኑ አርባ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ በ83 ዓመታቸው የመጡበትን ሥራ እንደ ገና ጀመሩት። የተከሉት ችግኝ ሲደርቅባቸው ሌላ ሥራ ይዘው የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ ጕድጓዱን ሳይረሱ ተመልሰው የሚቈፍሩት ግን ጥቂቶች ይመስሉኛል። ኮሌጁ ልጃገረዶችን ከገጠር ይመለምላል፤ ሲመረቁም የሴቶቹን ቋንቋና ጭንቀት ወደሚያውቁበት ወደየአካባቢያቸው ይመልሳቸዋል።

በዚህ ነገር ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። በሐምሊን ሐኪም ቤቶች ከ60000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ጋዜጦች ሁሉ ይህን ቁጥር በደስታ ይጽፉታል፤ ደስ የሚልም ነው። ነገር ግን ከነዚህ እያንዳንዷ አስቀድሞ እንደ አክስቴ በወሳንሳ ላይ የተኛች ናት። አንዳንድ ሰው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ያለ ዕድሜ በመዳር ብቻ ያመካኛል። ያለ ዕድሜ መዳር አካሏ ላልጠና ልጅ አደጋ መሆኑ እውነት ነው፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ2000፣ የክልላችንም በ2003 የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርገዋል። ይሁን እንጂ አምስት ልጅ በደኅና ወልዳ በስድስተኛው ፊስቱላ የሚይዛት ሴትም አለች። ለሁሉም አንድ የሆነው ርቀቱ ነው፤ ምጡ መጣመሙን በመጀመሪያው ቀን ዐውቆ ቶሎ ውሰዷት የሚል ሰው ከአጠገባቸው መጥፋቱ ነው። አክስቴን ያቈየው ወንዙ ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ማታ መናገር የሚገባው ነገር እስከ ሐሙስ የሚናገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ2012 የክብር የኢትዮጵያ ዜግነት ተሰጣቸው። በ2020 በማርች ወር በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ በቤታቸው ዐርፈው በባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ። ለሦስት ዓመት የመጡት ሰው ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር።

አሁን አክስቴ ታሪኳን ስለ ፈቀደችበት ምክንያት ልናገር። ባለፈው ጥር የአጎቴን ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ወደ አያቴ ቤት መጡ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። ጠላ ተቀድቶ፣ ነገሩ ሊያልቅ ምንም ሳይቀረው፣ በጓዳ እንጀራ ታወጣ የነበረችው አክስቴ እጇን ሳትታጠብ ወጥታ ከምሰሶው አጠገብ ቆመች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከእናቴና ከአያቶቼ በቀር ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ፣ ከሰኞ ማታ ጀምሮ እስከ ጭነት መኪናው ድረስ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አያቴ፣ ያ በሬውን የሸጠው ሰው፣ እስኪመሽ ድረስ ከደጅ ተቀምጦ ምንም አልተናገረም። ልጅቷ ዛሬ 8ኛ ክፍል ናት።

እኔም ይህን ለመጻፍ ሳፍር ያየችኝ አክስቴ፣ በሽማግሌ ፊት የተናገርሁትን ወረቀት ምን ያደርገኛል አለችኝ። አባቴ መሐንዲስ እንድሆንለት ይመኛል፤ እኔ ግን የአዋላጅነትን ትምህርት ለመጠየቅ ወስኛለሁ። ይህን መጽሔት ሲያነብ የመጀመሪያውን ጊዜ መስማቱ ስለሚሆን ከወዲሁ ይቅርታውን እጠይቃለሁ።

ጽሑፉን ስጨርስ ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ የተሰጣትን ቀሚስ እንድታሳየኝ ለመንኋት። ከሣጥኗ ግርጌ አውጥታ ዘረጋችልኝ። ቀለሙ ለቋል፤ ጫፉንም ብል በልቶታል። ልልበሰው ብዬ ሞከርሁ፤ ከትከሻዬ አላልፍ አለ።